አዝማቹን ብቻ

መዝሙር የሚያወጣና የሚቀበል ያስፈልገዋል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተቀባይ ነበርኩ። ማውጣት የወደደ ያውጣ፣ እኔ ምን አገባኝ እል ነበር። አይ የኔ ነገር!

መሐል ሜዳ ከተማ፣ ከደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት የወጣን አራት ነበርን። አውጪያችን ገበያው ዳር ልብስ ይሰፋ የነበረ ጎረምሳ ነው፤ ግጥሙንም ዜማውንም የሚያዘጋጀው እሱ። ከበሮ መቺያችን ዝምተኛ፣ ጓደኛዬ ሳቂተኛ፣ እኔ ደግሞ ነገረኛ። ግጥሙ የሚቀመጠው በአውጪያችን ደብተር ነበር፤ እኛ አዝማቹን ብቻ እንይዛለን። "እስቲ ግጥሙን አስገልብጠን" ስለው፣ "ምን ያደርግልሻል? እኔ የት እሄዳለሁ?" ይለኝ ነበር። የት እሄዳለሁ ያለው እሱ ነው እንግዲህ።

ሞላሌ ድረስ በአይሱዙ ጀርባ ተጭነን ሠርግ ላይ ዘምረናል። አንድ ጊዜ ደግሞ ከጓሳ ማዶ ላለች ደብር ንግሥ በእግራችን ስንሻገር ጉሙ ወረደብን። የገዛ እጄ አልታይ አለኝ። እሱ ከፊት ሆኖ "ዝም ብላችሁ ተቀበሉኝ" አለና ማውጣት ጀመረ። ሲያወጣ ድምፁን ተከትለን እንሄዳለን፤ ስንቀበል ደግሞ ከኋላው መኖራችንን ያውቃል። ደብሩ ደጃፍ ስንደርስ ጉሮሯችን ተዘግቶ ነበር። ለጓሳ በጎች ዘምረን ጨረስን እያልን ስንስቅ ዋልን። እንደዚያን ቀን ሰው አለኝ ብዬ አላውቅም።

ከዚያ ጓደኛዬ ዐረብ አገር ሄደች። ከበሮ መቺው ከበሮውን ለእኔ ትቶ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገባ። አውጪያችን አዲስ አበባ ሄደና ብቻውን መዝሙር አስቀረጸ። የደብራችን ዲያቆን ደስ ይላታል ብሎ በስልኩ ከፈተልኝ። የእኛው መዝሙር ነው። አዝማቹ ላይ ሲደርስ የማላውቃቸው ሴቶች፣ ያውም በሚያምር ድምፅ፣ የእኔን ድርሻ ተቀበሉት። "አጥፋው!" አልኩት። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ያንን ቅጂ ሰምቼው አላውቅም።

በደብራችን ንግሥ ታቦቱ ዞሮ ሲቆም ያንን መዝሙር የምናቀርበው እኛ ነበርን። ሁለት ዓመት ሳይቀርብ አለፈ፤ ዘንድሮም ከቀረ ተራው ለሌሎች ሊሰጥ ነው። ይህን ለአውጪያችን በስልክ ብነግረው እመጣለሁ አለ። "አደራህን" አልኩት። "እንዴ! ሜዳ ላይ ልጥልሽ?" አለኝ።

በንግሡ ዕለት ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ከበሮውን በአንገቴ አንጠልጥዬ መንገድ መንገዱን አያለሁ። ከደብረ ብርሃን የመጣው ሚኒባስ ሰዉን አራገፈ፤ እሱ የለም። ብደውል ስልኩ አይነሳም። ታቦቱ ዞሮ ቆመ። የደብሩ አለቃ መጡና "ልጄ፣ ተራችሁ ነው" አሉኝ። ተራችሁ ሲሉኝ ወደ ጎኔ ዞር አልኩ። ማን አለና!

ዲያቆኑ ጠጋ ብሎ "እትዬ፣ የእሱን በሞንታርቦው ልክፈተው?" አለኝ።

"ትከፍትና ከበሮውን ራስህ ላይ ነው የምሰብረው!" አልኩት፣ ታቦት ፊት። ይቅር ይበለኝ።

ለማውጣት አፌን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ቃል እንኳ አልመጣ አለኝ። ያንን ቅጂ ሁለት ሦስት ጊዜ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ግጥሙን ሙሉውን እይዘው ነበር። እልኸኛ፣ የእጅሽን አገኘሽ አልኩ ለራሴ። ያለኝ አዝማቹ ብቻ ነው፤ እሱኑ ዘመርኩት። ስጨርስ የእሱ ግጥም የሚወስደውን ያህል ከበሮውን በቀስታ እየመታሁ ቆየሁ። ሰዉ ጠፋባት ብሎ ከንፈሩን መጠጠልኝ። ከዚያ እንደገና ተቀበልኩ። እንደገና ቆየሁ። የግጥሙን አራቱንም አንጓ እንዲሁ አድርጌ ጨረስኩ። ከሴቶቹ በኩል አንዲት እናት ብቻቸውን እልል አሉልኝ።

በማግስቱ ደወለ። አዲስ አበባ አንድ ደብር ጠርተውት እምቢ ማለት አቅቶት ነው አሉ። እኔስ? አላልኩትም።

"ለመሆኑ ማን አወጣ?" አለኝ።

"ማንም። የአንተን ቦታ እየተውኩ ተቀበልኩ።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ የአንድ አንጓ ያህል ጠበቅኩት፤ ምንም አላወጣም።