ሳሎን ውስጥ በሰዓት ስልሳ

የሰፈራችን ልብስ ሰፊ መቀሱን ሰቅሎ የብስክሌት ተወዳዳሪ ሊሆን ነው ተባለ። ፀጉር ቤት ስሰማው ለቡድን ተመርጧል፤ ዳቦ ቤት ስደርስ ዋንጫ በልቷል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ሰውዬው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤቱ እስኪደርስ ደረጃው መሀል ሁለቴ ቁጭ ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ አምቶ የሚጨርስ ነው። ደግሞም ሱሪዬ እሱ ዘንድ ነው።

ነገሩ የመጣው ከጉልበቱ ነው። ቀዶ ጥገና ከተደረገለት በኋላ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፣ «ቤትዎ ሆነው በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ከበድ ያለ ፔዳል ይርገጡ። ጡንቻው ካልጠነከረ የእግር ስፌት መኪናዎን ይርሱት» አለችው። ሠላሳ ዓመት በእግሩ እየረገጠ የሰፋበትን መኪና! ሚስቱ «ሞተር እናስገጥምለት» ብትለው ሦስት ቀን አኮረፋት።

አሮጌ ብስክሌቱን ሳሎን ውስጥ አቁሞ የሚያስረግጠውን መሣሪያ ሊገዛ ሄደ። ሻጩ ተራራ በስክሪን የሚያሳየውን አቀረበለት።

«ተራራ መች አነሰኝ? ደረጃዬን አላየህም!»

የኋላ ጎማ ተፈትቶ የሚገጠምበትን አሳየው።

«ፈትቼ ምን ልሁን፣ ጎሚስታ?»

በመጨረሻ የኋላ ጎማው ሮለር በሚሉት ዟሪ ብረት ላይ ተጭኖ የሚሽከረከርበትን ተራ ዓይነት መረጠ። «ይሄ ገባኝ፤ እንደ መኪናዬ ነው» አለ።

ጉዱን ያፈላውም ይኸው እንደ መኪናዬ ማለቱ ነው። ልብስ ሰፊው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚዞር ነገር ሁሉ ዘይት ይቀባል፤ መኪናውን፣ የበሩን ማጠፊያ፣ ቬንትሌተሩን። ከሚስቱ በቀር ያልቀባው የለም። ሮለሩም ድርሻው ደረሰው። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ፔዳሉ ቅቤ ሆነ፤ ጎማው ላይ ያሰረው የፍጥነት መቁጠሪያ ስልሳ አለ። መስኮቱን ከፍቶ «በሰዓት ስልሳ!» ብሎ ለሰፈሩ አወጀ። ወሬው የወጣው በዚያው መስኮት ነው።

በስድስተኛው ሳምንት ባለሙያዋ ጭኑን ለካች። ሜትሩን ነጥቋት ራሱ ደግሞ ለካ። ያው ነው። ግማሽ ሴንቲሜትር እንኳ አልጨመረም።

«ሌላ ስድስት ሳምንት ልስጥዎት፤ ከዚያ በኋላ ግን ሞተር ነው» አለችው።

መሣሪያውን ከነብስክሌቱ ታክሲ ላይ ጭኖ የገዛበት ሱቅ ደረሰ።

«አጭበርባሪ! ስልሳ እየነዳሁ ጭኔ ክር ሆኖ ቀረ!» የሱቁ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ ሁለት ገበያተኞች ሳይገዙ ወጡ።

ሻጩ ጣቱን ሮለሩ ላይ አሳለፈ። ጣቱ አብረቀረቀ።

«ጋሼ፣ ይሄን ዘይት ማን ቀባው?»

«እኔ ነኛ! የሚዞር ብረት አይቀባም?»

«ጎማው እኮ እየተንሸራተተ ነው። ሮለሩ ካልያዘው ምንም ክብደት የለውም። በባዶ ነው ሲረግጡ የከረሙት።»

«ታዲያ አትነግረኝም ነበር?»

«መመሪያው ላይ ተጽፏል።»

«እኔ ሱሪ ስሰፋልህ መመሪያ እሰጥሃለሁ? በየት በኩል እንደሚጠለቅ ጽፌልህ አውቃለሁ?»

ሻጩ ሮለሩን በአልኮል ወለወለለት፤ ጎማውንም በአዲስ ቀየረለት።

ትናንት ስለ ሱሪዬ ልጠይቅ ቤቱ ወጣሁ። ሚስቱ በሩን ከፍታ «ጠጋ አትበል፣ ይናከሳል» አለችኝ። ብስክሌቱ ላይ ፊቱ በርበሬ መስሏል፤ ላቡ ምንጣፉን አርሶታል፤ መቁጠሪያው አሥራ አንድ ይላል።

«ለውድድር ነው አሉ?» አልኩት።

«ማነው ያለው? ውሸት ነው! የትም አልወዳደርም፣ ማንም አልመረጠኝም፣ መቀሴንም አልሰቀልኩም! ስልሳም ነድቼ አላውቅም! በገዛ እግሬ ልሰፋ ነው። ሱሪህን ሐሙስ ና ውሰድ፣ አሁን በሩን ዝጋው!»