የሟቹን ቆዳ የለበሰው ግልገል

አይሴን በሚባለው ብርዳማ አገር በጎች በሚወልዱበት ወቅት ዝናቡ አያባራም፤ የኤዱቪናም እጅ አይደርቅም። ከተዳረች ጀምሮ የሰው በግ ስታዋልድ ኖራለች። እጇ ቀጭን ስለሆነ፣ ምጥ የጠናባት በግ በተገኘች ቁጥር የምትጠራው እሷ ናት።

የዚያን ቀን ጠዋት ግን እጇ ደንዝዞ ነበር። የግልገሉ ጭንቅላትና አንድ እግሩ ወጥተዋል፤ ሌላው እግሩ ወደ ኋላ ታጥፎ ቀርቷል። ግልገሉን መልሳ ገፍታ፣ የታጠፈውን እግር በጣቷ ፈልጋ ማቃናት ነበረባት። ይህን ታውቃለች። ግን ብርዱ አጥንቷ ድረስ ዘልቋል፤ ያማራት እሳት ዳር ተቀምጣ ማቴ የሚሉትን ትኩስ የቅጠል ሻይ መጠጣት ብቻ ነበር። ጎተተችው። አንገቱ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ሲል መዳፏ ላይ ተሰማት።

ግልገሉ አንዴ ተንፍሶ ዝም አለ። እናቱ ዞራ ትልሰው ጀመር።

«ምን ሆነ?» አሉ የበረቱ ኃላፊ፣ ሽማግሌው ኖልቤርቶ፣ ከአጥሩ ማዶ።

«ሞቶ ነው የወጣው፣ ዶን ኖልቤርቶ።»

«ምን ይደረግ! እናቱ የሞተችበት አንድ አለ፣ ኩሽና ውስጥ። ድመቷን አጥቢኝ እያለ መከራዋን ያሳያታል። ዛሬ ካልጠባ ግን አያድርም። ቶሎ የሞተውን ግፈፊና ቆዳውን እናልብሰው፤ በጠረኑ ልጄ ብላ ታጠባዋለች።»

ኤዱቪና ገና ያልበረደውን ግልገል ገፈፈች። ቆዳውን ለእናት አልባው ግልገል እንደ ሹራብ አጠለቁለት። በጊቱ ጭራው ሥር ደጋግማ አሸተተች፤ ከዚያ ለልጇ ብቻ የምታሰማውን ዝቅ ያለ ድምፅ አሰማችና ጡቷን ለቀቀችለት።

«የሰው ኮት ለብሶ የሰው ቤት ገባ፣ ይሄ ሌባ!» ሽማግሌው በሳቅ ፈነዱ። «እጅሽ እኮ የተባረከ ነው፣ ልጄ!»

ኤዱቪና እጇን ከላይ በደረበችው የሱፍ ፖንቾ ሥር ሸሸገች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ቆዳው መሽተት ስለጀመረ ልታወልቅለት ሄደች። ቆዳውን አውልቃ አጥሩ ላይ ሰቀለችው። በጊቱ ግልገሉን አሸተተች፤ ግራ ገባት። ድንገት ትታው ወደ ኤዱቪና መጣችና መዳፏን እየላሰች ያንኑ ዝቅ ያለ ድምፅ አሰማች። ግልገሉ ከኋላ ይጮኻል።

«ወይ ጉድ! አንቺን ልጄ ብላ አረፈች!» አሉ ኖልቤርቶ። «ኧረ ታጠቢ! ጠረኑ አንቺ ላይ እያለማ ያንን ምስኪን ዞራም አታየው።»

«ሞቶ አልወጣም፣ ዶን ኖልቤርቶ» አለች። «እኔ ነኝ ጎትቼ የሰበርኩት። በርዶኝ።»

የሽማግሌው ሳቅ ጠፋ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉት።

«በይ ሂጂ ታጠቢ» አሉ ቀስ ብለው። «ያኛው ይራበው?»

ወደ ወንዙ ወረደች። በጊቱ በአጥሩ ዳር እየተከተለች ትጣራለች። ኤዱቪና እጇን በሳሙናና በአመድ እያሸች ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ተመልሳ ዘረጋችላት።

በጊቱ አሸተተች። ደግማ አሸተተች። ከዚያ እንደማንም ሰው እጅ ትታው፣ ወደሚጮኸው ግልገል ሄደች።