ከዱቄቱ ጆንያ ጀርባ ያለችው ቀዳዳ

ጋዙ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው የሚነግረኝ ሰው አጥቼ የተቸገርኩበት ጊዜ ነበር። ኢራቅ ኩዌትን ወርራ፣ የዓለም ጦር ሁሉ ሳዑዲ ላይ የተሰበሰበበት ወቅት። እኛ ከጦርነቱ እጅግ ርቀን፣ በደቡብ ጫፍ፣ ከየመን ድንበር አጠገብ አል-ዓሪዳ ኮረብታ ላይ ነን። ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከወሎ መጥቶ ለአንድ የአገሬው ሰው ፍየል ያግዳል፣ ማሽላም ያርሳል። አሠሪውን፣ ለመኖሪያ ፈቃዳችን ዋስ የሆነውን፣ እንደ ሁሉም ሰው «ከፊል» እንለዋለን። ቤታችን ከፍየሎቹ በረት ጎን ያለች፣ ያልተለሰነች የብሎኬት ክፍል ነበረች፤ በየመጋጠሚያው ንፋስ ይገባባታል።

እኔ ደግሞ ጥያቄ የማያልቅብኝ ልጅ ነበርኩ። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ አፍሽ አይደክመውም ወይ?» እስክትለኝ ድረስ እጠይቃለሁ። ወታደሮቹ መኪና ላይ ተኝተው ይሄዳሉ ወይስ ቁጭ ብለው? አውሮፕላን ነጂው ፍየሎቻችንን ያያቸዋል? ሬዲዮው የመርዝ ጋዝ ሊወረወር ይችላልና ቤታችሁን ድፈኑ ያለ ዕለት ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ። ከፊሉን ጠየቅኩት፤ ቢጫ ነው አለኝ። እናቱ፣ ሁላችንም ሐጃ የምንላቸው አሮጊት፣ ጥቁር እንደሆነ ምለው ነገሩኝ።

የመናዊው ባለሱቅ ግን ሌላ ነገር አለ። በዚያ ሰሞን የመናውያን ያለ ከፊል እንዳይኖሩ ተብሎ፣ የሰፈሩ የመኖች ዕቃቸውን ደይና በምትባል የጭነት መኪና እየጫኑ ወደ ድንበሩ ይወርዱ ነበር። እሱም ሱቁን ዘግቶ ፍራሹን በገመድ ሲያስር ደረስኩበትና ያው ጥያቄዬን አቀረብኩ። ገመዱን ሳይለቅ፣ «ቀለም የለውም፣ ልጄ። ቀለም ቢኖረውማ ማን ይፈራው ነበር?» አለኝ። አላመንኩትም። የማይታይ ነገር እንዴት ብሎ ሰው ይገድላል? ልጠይቀው ስል መኪናው ተነሳ።

ከፊሉ ከጂዛን ከተማ ላስቲክና ሰፋፊ ፕላስተር ገዝቶ መጥቶ የቤቱን የአንድ ክፍል መስኮቶች አሸገ። ለእኛ የተረፈ ነገር አልነበረም። አባቴ ቅር አላለውም፤ ከፊሉ ዞር ሲልለት «ድንቄም ላስቲክ» ብሎ ሳቀ። አገር ቤት ሳለ ሰው ቤት ሠርቶ ግድግዳ ሲያስመርግ የሚጠራው እሱን ነበር። ለእኛም ቤት አፈሩን ነፍቶ፣ የደቀቀ የማሽላ አገዳና እበት ቀላቅሎ፣ ጭቃውን በእግሩ ረግጦ አምስት ቀን አስቦካው። ከዚያ የብሎኬቱን መጋጠሚያ፣ የቆርቆሮውን ጠርዝ፣ መስኮቷንም ሳይቀር መረጋት። የበሩን ዙሪያ ደግሞ በመኪና ጎማ ካላማዳሪያ ቅዳጅ አለበሰው።

የእኔ ሥራ ብርሃን መፈለግ ነበር። እኩለ ቀን ላይ በሩን ዘግተን ጨለማው ውስጥ እንቆማለን። ትንሽ ጭላንጭል ባየሁ ቁጥር «እዚያ ጋ፣ አባ» እላለሁ፣ እሱ በአውራ ጣቱ ጭቃ ይለጥፍባታል። በመጨረሻ የገዛ እጄን ማየት አቃተኝ። «ኸላስ፣ በቃ፣ አሁን ንፋስም አይገባ» አለ አባቴ። እንደዚያን ቀን ኮርቶ አይቼው አላውቅም።

ይሄ ለእሱ ኩራት ይሁን እንጂ ለእኔ ጣጣ ነበር። ጋዙ ሲመጣ በምን በኩል ላየው ነው? በማግስቱ ሁሉም ሥራ ላይ ሳሉ የፌሮ ቁራጭ ይዤ ገባሁ። ከዱቄቱ ጆንያ ጀርባ፣ ቁጢጥ ስል ዓይኔ በሚደርስበት ቦታ፣ በሁለት ብሎኬቶች መካከል ያለውን ጭቃ እስከ ውጭ ድረስ ፈለፈልኩት። ከውጭ በኩል በጨርቅ ወተፍኩት። ጋዙ ሲመጣ ቶሎ አየት አድርጌ እዘጋዋለሁ፣ አለቀ።

ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በሳምንቱ ሐጃ ለእናቴ ሲያወሩ ሰማኋቸው። ጋዙ በመርፌ ቀዳዳ ይገባል፣ ከገባም አንድ ቤት ሙሉ ሰው ይጨርሳል ይላሉ። ክው አልኩ። ሮጬ ሄጄ በውሃና በአፈር የራሴን ጭቃ ለጠፍኩበት፤ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ወደቀ። ደግሜ ለጠፍኩት፣ ደግሞ ወደቀ። ለአባቴ እንዳልነግረው ያ ኩራቱ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። በዚህ መሀል እናቴ ወንድሜን ወለደች። ከዚያ ወዲያ እንቅልፌ ተቃወሰ፤ በእኔ ቀዳዳ የሚሞት አንድ ሰው ተጨመረ ማለት ነው። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ጆንያው ላይ ጀርባዬን ለጥፌ እቀመጣለሁ። እናቴ አመመሽ ወይ ትለኛለች፤ አላመመኝም እላለሁ።

እኛ ወሎዎች ዘንድ አራስ ጢስ ትሞቃለች። ወለሉ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ተቆፍሮ እንጨት ይጨስበታል፣ እሷ ብርድ ልብስ ለብሳ ላዩ ላይ ትቀመጣለች፣ ወገቧም ይጠናል። ወይባ የሚባለው እንጨት ባይገኝ አባቴ ግራር ቆርጦ አመጣላት። እኔ ስወለድም አድርጋዋለች፤ ያኔ ግን ቤቱ ጢሱን በየቀዳዳው ይተፋው ነበር። አሁን ቤቱ የተመረገ መሆኑ ለማናችንም ትዝ አላለንም።

ከዐሱር ሶላት በኋላ ነው። እናቴ በር ላይ ቆሜ ሰው እንዳላስገባ ነግራኝ ሕፃኑን ይዛ ገባች፤ ከውስጥ ቀረቀረችው። መጀመሪያ ስታንጎራጉር እሰማት ነበር። ቆይቶ ድምጿ ጠፋ። እኔም የሴቶች ጢስ ምን እንደሚመስል አይቼ ስለማላውቅ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ለእሷ ሠግቼ ሳይሆን ለማየት ጓጉቼ ቤቱን ዞርኩ። ጨርቁን ነቀልኩና ዓይኔን አስጠጋሁ፤ ጆንያው ለጢሱ ጉድጓድ ቦታ ሲባል ወደ ጎን ተገፍቶ ስለነበር ውስጡ ይታያል።

ጢሱ ዓይኔን ለበለበኝ። ጠርጌ ደግሜ አየሁ። ፍሙ ቀይ ነው። እናቴ በጎኗ ወድቃለች፣ ብርድ ልብሱ ከትከሻዋ ወርዷል። አንድ እጇ ወደ ሕፃኑ ተዘርግቶ ሳይደርስ ቀርቷል። በቀዳዳዋ «እማ» አልኳት። ሕፃኑም አልተንቀሳቀሰም።

ወደ በረቱ እየጮኽኩ ሮጥኩ። አባቴ በሩን በትከሻው ቢገፋው ያ ካላማዳሪያ አንቆ ይዞታል። በሦስተኛው መቀርቀሪያው ተገንጥሎ ወደ ውስጥ ወደቀ። እናቴን እየጎተተ ደጅ አወጣት፤ አስመለሳት፣ ዓይኗን ገለጠች፣ የመጀመሪያ ቃሏም «ልጄስ?» የሚል ነበር። ልጁን ጩኸቴን ሰምተው የደረሱት ሐጃ ተቀብለውታል። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ውስጥ እግሩን ይመቱታል፣ ፊቱ ላይ ውሃ ይረጩታል፣ ያረህማን እያሉ ይገለብጡታል። እኔ ጨርቁን በእጄ እንደጨበጥኩ ቆሜያለሁ። ባለሱቁ እውነቱን ነበር፤ ጢሱ ይታያል፣ ከእሱ ጋር ያለው የሚገድለው ነገር ግን ቀለም አልነበረውም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ወንድሜ እንደ ግልገል ቀጭን ድምፅ አወጣ፣ ከዚያም አለቀሰ። በሕይወቴ እንደዚያ ያስደሰተኝ ለቅሶ የለም።

ፀሐይ ሳትገባ አባቴ ቤቱን እየዞረ ሲመለከት ቀዳዳዋ ጋ ደረሰ። በጣቱ ነካካት።

«ይቺን ማን በሳት?»

«እኔ ነኝ፣ አባ። ጋዙን ልይ ብዬ ነው።»

ዱላውን ጠበቅኩ። እሱ ግን ተንበረከከ። ረጅም ሰው ስለሆነ ጉንጩ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ዓይኑን ቀዳዳዋ ላይ አድርጎ ቆየ። ውስጥ ውሃ የፈሰሰበት ጉድጓድና የተጣለ ብርድ ልብስ እንጂ ሌላ አልነበረም። ሲነሳ ዓይኑ ቀልቷል፤ ጢሱ ግን ከወጣ ቆይቷል።

«ዲጂኖውን አምጪልኝ» አለኝ።

ጦርነቱ ገና አላለቀም ነበር። ከፊሉ ቤት ላስቲኩ እንደተለጠፈ ነው። አባቴ ከመስኮቷ ጀምሮ ያንን አምስት ቀን ያስቦካውን ምርጊት ይንደው ጀመር፣ እኔም ውስጥ ገብቼ ያልተከፈተውን እየፈለግኩ «እዚህም ጋ፣ አባ» እለው ነበር።