የሆታሲ እናት ብሎግ

ጥፋቱ የኔ ነው። በእኛ በኢንዶኔዥያ ባታኮች ዘንድ ልጅ ያላት ሴት በስሟ አትጠራም፤ የበኩር ልጇ እናት ተብላ ነው። የወንድሜ ሚስት ሮቱዋ ግን ካገባች አራት ዓመት አልፏት ልጅ አልነበራትም፤ የመዘምራን ሴቶች ሊጠሯት ሲሉ ይንተባተባሉ። አፌ አያርፍምና አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ «በእምነት የሆታሲ እናት እንበላት!» አልኩ፤ ገና ላልተፀነሰው ልጅ ስም ማውጣቴ ነበር። ሴቶቹ አጨበጨቡ። እሷ አለቀሰች። የደስታ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ብሎግ ከፈተች። አናቱ ላይ እንዲህ ጻፈች፦ «ይህን የምጽፈው እግዚአብሔር የለመኑትን እንደሚሰጥ ለመመስከር ነው።» አምስት ዓመት ጻፈች። እዚህ ከተማችን ባሊጌ ብቻ አይደለም፣ ከጃካርታም ከማሌዢያም ያነቧታል። ረቡዕ ረቡዕ በሴቶች ጸሎት ላይ ጽሑፏ ይነበባል፤ የማያለቅስ የለም።

ባለፈው ሚያዝያ ታማ ሜዳን ከተማ ሆስፒታል ወስደናት ማህፀኗ ወጣ። የምናውቀው ወንድሜና እኔ ብቻ ነን። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩን ትከፍትና ያችኑ የአናቱን መስመር እያየች ትቀመጣለች።

«ኤዳ፣» አለችኝ፤ የወንድም ሚስትና የባል እህት የምንጠራራው እንዲህ ነው። «እውነቱን ብጽፍ እግዚአብሔርን ውሸታም አደረግሁት። ባልጽፍ ውሸታሟ እኔ ነኝ።»

«ብሎጉን ዝጊው! ማን አስገደደሽ?»

«ስንት ሴቶች ናቸው ‹አንቺን አይተን ነው የምንጸልየው› ብለው የጻፉልኝ! የት ልግባ?»

ኮምፒውተሩን እኔው ከደንኩላት።

ሴቶቹ ደግሞ የብሎጉን ዝምታ ምን ብለው ቢተረጉሙት ጥሩ ነው? አርግዛለች አሉ! ደብቃን ነው አሉ። እርጉዝ ሴት ሰባት ወር ሲሞላት ወላጆቿ ዓሣ ሠርተው ይመጡና ኡሎስ ያለብሷታል፤ በእጅ የተሸመነ የምርቃት ልብስ ነው። የሮቱዋ ወላጆች ሞተዋል። ስለዚህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የመዘምራኑ ሴቶች ሁሉ ሳይነግሩን ቤቷን ሞሉት።

ፊት ፊት የምትሄደው የሁላችን ታላቅ፣ ኦምፑ ሳባር ናት፤ የሳባር አያት ማለት ነው።

«አንቺ ተንኮለኛ! እኛን ልታታልይ?» አለችና ኡሎሱን ሮቱዋ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላት። ሳቅ ሆነ። እኔ የዓሣውን ሳህን አስይዘውኝ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«በይ አንብቢልን፤ ለዛሬ የጻፍሽው የለም?»

ሮቱዋ እኔን አየችኝ። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

«አንድ መስመር ብቻ ናት። የአናቷን ቀይሬያታለሁ፤ መለጠፍ ግን ፈርቼ ነበር፤» አለችና አነበበች። «ይህን የምጽፈው፣ እግዚአብሔር እምቢ ሲለኝም ከደጁ እንዳልሄድኩ ለመናገር ነው።» ቀና አለች። «ማህፀኔ ወጥቷል። ሆታሲ አይመጣም።»

ሳቁ ቀጥ አለ። አንዷ ከኋላ «ለሱ የሚሳነው የለም እኮ» ብላ አንሾካሾከች።

«አይሳነውም፤» አለች ሮቱዋ። «እምቢ ግን ይላል።»

ኡሎሱን ልታወልቅ ስትል ኦምፑ ሳባር እጇን ያዘቻት።

«ተዪ! የተሰጠ ኡሎስ አይመለስም።» አሮጊቷ ወደኔ ዞረች። «እንግዲህ ምን ብለን እንጥራት? አንቺ አይደለሽ ስም አውጪዋ!»

ሁሉም አዩኝ። እኔ ሳህኑን ይዤ አቀረቀርኩ።

«የሆታሲ እናት በሉኝ፤» አለች ሮቱዋ፣ ኡሎሱን ደረቷ ላይ እየሰበሰበች። «አምስት ዓመት ተሸክሜዋለሁ።»

ከዚያም ዓሣውን ከእጄ ተቀበለችኝ።