እስከ እንጨቱ ክምር

የልጄን ፍራሽ ፀሐይ ላይ ባሰጣሁ ቁጥር ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞር ነበር። ጎባ ላይ ፀሐይ ከሳነቴ ተራራ ጉም አምልጣ የምትወጣው ለጥቂት ሰዓት ስለሆነ ደብቆ ማድረቅ አይቻልም። የሰፈሩ ልጆች ገና ፊደል ያልቆጠረችውን ልጄን «ሽንታም» ይሏታል። ነገሩ ፍርሃት ነበር፤ ከመሸ ግቢው ጥግ ካለው ሽንት ቤት ብትገደልም አትሄድም።

ፖፖ ልሰጣት እችል ነበር። ግን ፖፖው የኔ ነበር። መንዝ ሳለሁ ወንድሞቼ ነበሩኝ፤ እዚህ ግን ባለቤቴ በመንግሥት ሥራ አንገቱ ወደሚባል አገር በወረደ ጊዜ ማንም የለኝም። ከወንዙ በኩል ጅብ ሲጮህ እሰማለሁ፤ በሩን ጀንበር ሳትጠልቅ እቀረቅራለሁ። ልጄ እንደኔ ሆና እንዳትቀር ብዬ ዕቃዬን ከመጋረጃው ኋላ ሸሽጌ፣ እሷን በትንሽ በትንሹ ላለማምዳት ቆረጥኩ።

መጀመሪያ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ደጃፉ ላይ አብረን ቆምን፤ በቃ፣ ሌላ የለም። ያ ሲለመዳት የነጠላዬን ጫፍ ይዛ እስከ እንጨቱ ክምር። ከዚያ እኔ ደፉ ላይ ቁጭ ብዬ አቡነ ዘበሰማያትን ጮክ ብዬ ስደግም፣ ድምፄን እየሰማች ብቻዋን ትሄድ ጀመር። እየዋለ እያደረ ድምፄን ቀነስኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አፌ ጸሎቱ ላይ፣ ጆሮዬ ግን ኮቴዋ ላይ ነበር።

አንድ ምሽት ወተት የምታመጣልኝ ጎረቤቴ ገብታ ሳለ፣ ልጄ ያለ ድምፄ ግቢው ጥግ ደርሳ ተመለሰች።

«ጀባዱ፣ በርቺ የኔ ልጅ» አለቻት ጎረቤቴ። «እንግዲህ ማን ይሰድብሻል?»

«አዳዳ፣ እማዬ ግን ትፈራለች» አለቻት ልጄ፣ እንደ አክስቷ እየጠራቻት። «ከመሸ አትወጣም። ከመጋረጃው ኋላ ፖፖ አላት።»

ጎረቤቴ መጋረጃውን አየች፤ ቀጥላ እኔን። በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

«ጠዋት ጠዋት የምትደፊው የልጅቷን መስሎኝ ነበር እኮ፣ እቴ።»

እንደዚያ እንደመሰላት አውቅ ነበር፤ መስሏት እንዲቀርም ትቼው ነበር። ልጄ በራሷ ስድብ ላይ የኔንም ተሸክማልኝ ኖራለች።

ልጄ የነጠላዬን ጫፍ ያዘች። «መጀመሪያ ደጃፉ ላይ ብቻ እንቆማለን» አለችኝ፣ የራሴን ቃል በራሴ ድምፅ። «ሌላ የለም።»

ጎረቤቴ ወተቱን አስቀምጣ ቆማ ትጠብቃለች። አሁን እምቢ ብል ልጄ ነገ መውጣቷን እንደምታቆም ገባኝ። ወጣሁ። ደጃፉ ላይ ቆመን ሳለ ግን ልጄ ደፉ ላይ ቁጭ ብላ አቡነ ዘበሰማያትን ጮክ ብላ ጀመረችልኝ። የምታውቀው እስከ «ሲሳየነ» ነው፤ እዚያ ስትደርስ ትመለስና እንደገና ትጀምራለች። እኔም በብርዱ ውስጥ ፊቴ እየነደደ፣ ኮቴዬን እየሰማችው፣ እስከ እንጨቱ ክምር ሄድኩ።