ስለ ሳሙና የተላኩ ሽማግሌ

ምንትዋብ ድሮም ቁጡ ናት፤ ያን ሰሞን ግን ቁጣው አብሯት እየተኛ አብሯት ይነሳ ነበር። ባሕር ማዶ፣ ሚድ ዊልሻየር በሚባል ሰፈር ካለው አፓርታማዋ ወጥታ መኪናዋን ስትነዳ እንኳ ብቻዋን ትሟገታለች።

የምትሠራው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ውሃና የሚነድ ጋዝ ወፍራም የብረት ዕቃ ውስጥ አስገብታ፣ በብርድና በግፊት አስጨንቃ፣ በረዶ የሚመስል ነገር ስታረጋ ኖራለች። ውሃው ሲረጋ ጋዙን ሆዱ ውስጥ ይይዘዋል፤ ክብሪት ቢጭሩበት ይነዳል። ጋዝን እንዲህ አርግቶ ማከማቸት ትልቅ ነገር ነው፤ ችግሩ ውሃው ሰነፍ ነው፣ ለመርጋት ቀኑን ሙሉ ይፈጅበታል። ከእሷ ሥራ አሥራ አንድ ጥናት ታትሟል። አንዱም ላይ ስሟ የለም።

አለቃዋ ዶክተር ታዴዎስ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ነው። ለውሃው ስንፍና መድኃኒት አገኘሁ አለ፤ በዓይን የማይታይ የመዳብ ብናኝ። ብናኝ የገባበት ውሃ በሃያ ደቂቃ ሲረጋ ደስታው የሚይዘውን የሚጨብጠውን አሳጣው።

ውሃውን የምታዘጋጀው ግን ምንትዋብ ናት። ብናኙ እንዳይዘቅጥ ትንሽ ሳሙና ይገባበታል። አንድ ቀን ብናኙን ትታ ሳሙናውን ብቻ ጨመረች። በሃያ አንድ ደቂቃ ረጋ። አምስት ጊዜ ደገመችው፤ ያው ነው። ለካ ሥራውን የሠራው ሳሙናው ኖሯል! ለታዴዎስ ብትነግረው ጥናቱ አልቋል፣ አትቅኚ አላት። ደሟ ፈላ። ጥናቱ ለሚላክበት መጽሔት እጽፋለሁ ብላ ወጣች።

ታዲያ ይህ የተማረ ሰው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ላከባት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ጋሼ ዳኜ ጠበቋት፤ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ አዛውንት ናቸው። ታዴዎስ አጠገባቸው አቀርቅሯል። ጋሼ ዳኜ «ይቅር ለእግዜር ተባባሉ፣ እሱም ብናኙን ብዙ አያግንን፣ አንቺም ሳሙናውን አታንሺ፣ መሐል ላይ ተገናኙ» አሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ ጠብ አይደለም» አለች ምንትዋብ። «እርስዎ ምን ያድርጉ፣ ታዴዎስ ነው ያደከመዎት።»

ታዴዎስ ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። «ይኸው፣ ፔፐሩ ላይ ስምሽን አስገብቻለሁ። ሦስተኛ ነሽ። ማታ ለመጽሔቱ ሰብሚት አደርገዋለሁ፣ ሶ ነገሩ እዚህ ያብቃ።»

ጋሼ ዳኜ መመረቅ ጀመሩ።

ስሟን አየችው። እንዲህ ታትሞ ለማየት ስንት ዓመት ተመኝታለች! አሁን ግን የመጣው ለአፍ ማዘጊያ ነው። ይበልጥ ያበገናት ደግሞ፣ እንዲህ ሆኖም ስሟን እዚያ ላይ መፈለጓ ነው።

እስክሪብቶ አውጥታ ሰረዘችው።

«የሳሙናውን ውጤት አስገባና መልሰህ ጻፈኝ። ከፈለግህ መጨረሻ አድርገኝ።»

ጋሼ ዳኜ ምርቃታቸውን አቋረጡ። ታዴዎስ ወረቀቱን አጥፎ ወጣ።

ሰኞ ሥራ ስትገባ ጥናቱ ተልኳል። እሷም የለችበት፣ ሳሙናውም የለበት። ከፈለገ ያባርረኝ ብላ ተቀመጠችና አምስቱን ውጤቶች ለመጽሔቱ አዘጋጆች ላከች። ከደብዳቤው ግርጌ ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ጻፈች።