አራተኛዋ ሰባት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄን ጫማ በሰፋ ቁጥር ላስቀይር ዱባይ ተራ ሄጄ፣ ሻጩን ወጣት ስልኩ ላይ ፖከር ሲጫወት አገኘሁት። ውድድር ላይ ነበር። አንዴ እኔን አንዴ ስልኩን እያየ ቆየና ድንገት ባንኮኒውን በጡጫ ነረተው። «ጋሼ፣ ይሄ ግፍ አይደለም? አሸንፌው እኮ ነበር! በመጨረሻዋ ካርታ በላኝ!» አለና የያዝኩትን ጫማ ረስቶ ነገሩን ከሥሩ ይተርክልኝ ጀመር። ቆሜ ሰማሁት። የካርታ ተሸናፊ ወሬ ማለቂያ እንደሌለው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እኔ ራሴ አንዲት ሽንፈት ይዤ አርባ ዓመት ያህል ሳወራት ኖሬአለሁ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ሸማ ተራ፣ አንድ ያገሬ ሰው ሱቅ ተቀጥሬ ነጠላና ጋቢ እሸጥ ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ወርቁ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ሆቴል ሲሠሩ ፖከር ተምረው ለተራው ሁሉ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በየዓመቱ መስከረም እንደገባ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ በጋሽ ወርቁ መስፊያ ክፍል ውድድር ይደረጋል። አሥራ ሁለት ሰው፣ ሁላችንም የጉራጌ ልጆች፤ መጀመሪያ ለሁለት ተከፍለን እንጫወታለን። በብር ፈንታ ከእህል በረንዳ የመጣ ጥሬ ሽምብራ እኩል እኩል ይታደለናል፤ ሽምብራው ያለቀበት ይነሣል። አንድ ዓመት የተቆላ ቀርቦ ግማሹ ሰው ሀብቱን በልቶ ስለጨረሰ ነው ጥሬው የተመረጠው። ሽልማቱ በመዋጮ የተገዛ ሰንጋ ነበር። ወልቂጤ፣ የጋሽ ወርቁ ዘመድ ዘንድ ሲቀለብ ይከርምና፣ ያሸነፈው ሰው ለመስቀል አገሩ ሲገባ ከዚያው እየነዳ ይሄዳል።

መስቀል ለእኛ ምን እንደሆነ ላላደገበት ማስረዳት ያስቸግራል። ዓመቱን ሙሉ መርካቶ ሲለፋ የከረመ ልጅ ለመስቀል አባቱ ደጅ ካልደረሰ ሰው አለ አይባልም። አባቴ ከታመመ ወዲህ በሬ ማረድ ትቶ፣ ሦስት መስቀል ከጎረቤት በሚላክለት ሥጋ አሳልፏል። ምንም አይልም፤ ሥጋው ሲመጣ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ እንደሚያዞር እህቴ ብርነሽ ነግራኛለች። ይሄ ነገር አንጀቴን በላኝ። እኔ ጅሉ ታዲያ ውድድሩ ሳይጀመር፣ «ዘንድሮ በሬ ይዤ እመጣለሁ፤ አንተው መርቀህ ይታረዳል» ብዬ በአገር ሰው ላክሁበት። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

ያን እሑድ የመጨረሻው የክረምት ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። የበቆሎ እሸት እየጠበስን እየበላን ሰው አንድ በአንድ ሲነሣ፣ በመጨረሻ እኔና ጋሽ ወርቁ ቀረን። ሽምብራችን እኩል ነበር። አምስት አምስት ካርታ ታደለንና የእኔን ገለጥ አድርጌ ሳይ፣ ሦስት ንጉሥና ሁለት ዘጠኝ! እንዲህ ያለ እጅ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። ሽምብራዬን ጠቅላላ ወደ መሐል ገፋሁት። ጋሽ ወርቁም ትንሽ አሰቡና የራሳቸውን ገፉ።

«ስንት ካርታ ትቀይራለህ?» አሉኝ።

«ምንም» አልኩ።

እሳቸው ሁለት ቀየሩ። ካርታችን ሲገለጥ ሦስት ሰባት ይዘው ኖሯል። ከዚያ ሁሉ ከቀረው ካርታ የምታድናቸው አራተኛዋ ሰባት ብቻ ነበረች። ከቀየሯቸው ሁለት ካርታዎች አንዷ እሷው ሆነች፤ አራት ሰባት ደግሞ የእኔን እጅ ይበላል። እሳቸው ራሳቸው እንደ መደንገጥ አሉ እንጂ አልሳቁም።

«ተካ፣ ልጄ» አሉኝ መነጽራቸውን አውልቀው፤ «ካርታው ያንተ ነበር፤ ሰው ሁሉ አይቷል። እኔ እንደሆን ዘንድሮ ወገቤም መንገዱን አይችለውም። ሰንጋውን ነድተህ ግባ፤ አባትህ ይመርቁት።»

«የምጽዋት በሬ አባቴ ደጅ አይገባም፣ ጋሼ።»

«ኧረ ማን ምጽዋት አለ? እኔ እየለመንኩህ!»

«እርስዎ አሸነፉ፤ እርስዎ ይንዱት» ብዬ ጥያቸው ዝናቡ ውስጥ ወጣሁ። ኩራት ራቴ ሆነ።

መስቀል ሲደርስ ሰው ሁሉ አገሩ ሊገባ ተነሥቶ ተራው ባዶ ቀረ። እኔም ለአባቴ የገዛሁትን ጋቢ በብብቴ ይዤ ማለዳ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። ተሳፋሪው ቅቤውንና ሚጥሚጣውን እንደታቀፈ ይጋፋል። የመንደሬ ልጅ ከመስኮት አየኝና፣ «ተካ! በሬው የታለ? አባትህ ቢላዋ አስለው ይጠብቁሃል!» ብሎ ሳቀ። ለቀልድ ነው። እኔ ግን ባዶ እጄን አባቴ ፊት አልቆምም ብዬ፣ ከሚጎርፈው ሰው ጋር እየተላተምሁ ተመለስሁ። መስቀልን ጭር ባለው ሱቅ ውስጥ ጣቃ ላይ ተኝቼ አሳለፍኩት። አባቴ በጥር ሞተ።

ከቀብር በኋላ ብርነሽ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ለመስቀል ምን ሆነህ ቀረህ?» አለችኝ።

«በሬ አልነበረኝማ።»

አፍጥጣ አየችኝ። «አባባ ስለ በሬ አንድ ቀን አፉን አልከፈተም፣ ተካ። ኮቴ በሰማ ቁጥር ‹እሱ ነው?› ይለኝ ነበር። የደመራ ዕለት እንዲያውም ደግፈሽ አውጪኝ ብሎ ደጅ ተቀምጦ ዋለ።»

ይህን ሰምቼም ስለ አራተኛዋ ሰባት ማውራቴን አላቆምኩም። ሰው ከንፈሩን ይመጥልኛል፤ «ወይ ዕድል!» ይለኛል፤ ደስ ይለኛል። አውቶቡስ ተራ ደርሼ መመለሴን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እሱን ዕድል ላይ ማላከክ አይቻልም።

ከዚያ ወዲህ አንድም መስቀል አላመለጠኝም። በሬ እየነዳሁ የገባሁበትም፣ ባዶ እጄን የገባሁበትም ዓመት አለ። ደጅ ተቀምጦ የሚጠብቀኝ ሰው ግን የለም።